አራተኛ ፎቅ ሥራ ላይ ነው

እንግዶቹ በመስታወት ክፍሉ አጠገብ ሲያልፉ ዳይሬክተሩ ቀና ብለው አላዩአቸውም። የእንግዶቹ መሪ፣ ጠና ያሉ ሴት፣ በጀርባቸው በኩል ቆም ብለው «እንዲህ በሥራው የተጠመደ ሰው ደስ ይለኛል» አሉና አለፉ። ዳይሬክተሩ ያኔ ሬሳ ነበሩ።

ዳይሬክተርም አልነበሩም። ጡረታ የወጡ የሒሳብ ሠራተኛ ሲሆኑ፣ ሽበታቸውና ግርማቸው ታይቶ ሕንፃው ለእንግዶቹ ሥራ የሞላበት እንዲመስል ለዕለቱ ብቻ የተቀጠሩ ሰው ናቸው። በዙሪያቸው ተደርድረው ሲተይቡ የነበሩት አርባ የሚሆኑ ወንዶችና ሴቶችም እንደዚያው። ኮምፒውተሮቹ ሆድ ዕቃ የላቸውም፤ ስልኮቹ ሽቦ የላቸውም። ኩባንያዎች ከመሀል ከተማ ነቅለው ዳር ዳሩን ከያዙ ወዲህ ሕንፃውን እንኳን ሰው ርግብም አልተከራየችው። «የሚከራይ» የሚለው ሸራ ፀሐይ ሲመታው ኖሮ፣ ጽሑፉ ጠፍቶ ራሱ ጡረታ ሊጠይቅ ደርሶ ነበር።

እንግዶቹ ለምሳ ወጡ። ዳይሬክተሩን ለምሳ ሊቀሰቅስ የሞከረ ሰው ግን አልተሳካለትም።

መርማሪዋ ስትመጣ የመሀል ከተማ ማነቃቂያ ቢሮው ኃላፊ በር ላይ ጠበቃት። መርማሪዋን የሥራ ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ ቀጭን ናት፣ የገባችበትም ቦታ ሳያም አይቀርም።

«እህቴ፣ በእግዜር» አላት። «እንግዶቹ ከምሳ በኋላ የኪራይ ውሉን ሊፈርሙ ይመለሳሉ። ኩባንያቸው ከገባ መጀመሪያ የሚቀጠሩት እነዚህ አርባዎቹ ናቸው፤ ቃል ገብተንላቸዋል። ፊርማው እስኪያልቅ ዝም እንበል። የአርባ ቤት ጉሮሮ ነው።»

«ሟቹስ ጉሮሮ አልነበራቸውም?»

ኃላፊው ከበሩ ላይ ገለል አለላት።

የመስታወት ክፍሉ የፎቁ መሀል ላይ ነው፤ በአንድ ወገን ደረጃው፣ በሌላው ሊፍቱ። ሟቹ የፋይል ቁልል ላይ ተደፍተዋል። መርፌ ሽበታቸውን በእርሳስ ገለጥ አደረገች። ከጆሮአቸው በላይ ቁስል አለ፤ ሰው ጠርጎ፣ ጠጉራቸውን አበጥሮ ሸፍኖታል። ነጭ ሸሚዛቸው ብብቱ ላይ ተጨማዷል እንጂ ጉድፍ የለበትም። ክፍሉን ሁሉ አቧራ አልብሶት ሳለ የብረት ቁም ሣጥኑ አንድ ማዕዘን ብቻ ያበራል።

«የተቀመጡት የእንግዳ ወንበር ላይ ነው» አለች። «የራሳቸው ከጠረጴዛው ወዲያ ነው። ዳይሬክተር በገዛ ቢሮው እንግዳ ይሆናል?»

ኃላፊውን ለብቻው ጠየቀችው።

«ጠዋት ከሟቹ ጋር ተጣልታችኋል።»

«እኔ ብቻ አይደለሁም። አዳራሽ ውስጥ ልብስ ስናከፋፍል ሁሉም ፊት ‹ለእንግዶቹ እውነቱን እነግራቸዋለሁ› አሉ። እዚህ ድረስ ተከትዬ ለመንኳቸው። እምቢ ሲሉኝ እንግዶቹን ለመቀበል ወረድኩ። በሕይወት ነበሩ።»

«አርባዎቹ ወደዚህ ፎቅ ሲወጡ ምንም አላዩም?»

«አጎንብሰው አገኟቸው፤ ጋሼ አኩርፈዋል ብለው ተዉአቸው።»

የሊፍት ቴክኒሻኑ እስከ ክርኑ ግራሶ ነው። የበሩን እጀታ ሲነካ አምስት ጣቶቹ እዚያው ታትመው ቀሩ።

«ዓመት ሙሉ የቆመ ሊፍት ነው፤ ማንም ይሠራል አላለም። ጠዋት ሕይወት ሲዘራ ለማንም ሳልነግር ባዶውን አራተኛ ድረስ ልኬ አወረድኩት። እንግዶቹ ደረጃ ጀምረው ሳለ ነው ጠርቼ የመለስኳቸው። ኃላፊው በድንጋጤ እጄን ሊስመኝ ነበር፤ ግራሶውን አይቶ ተወው።»

ከሌሎቹ ቀድማ ወደ አራተኛ ፎቅ ወጥታ ጠረጴዛ ስታሰናዳ የነበረችው አስተባባሪዋ ናት። ድርጅቷ ከመሀል ከተማ ሲነቅል ከሥራ የቀረች ሴት ስትሆን አርባዎቹን ከየሰፈሩ የሰበሰበችው እሷ ናት።

«ስወጣ አጎንብሰው አገኘኋቸው» አለች።

«እንግዶቹን በየት በኩል ጠበቅሽ?»

«በደረጃው ነዋ። ልምምዱም በዚያው ነበር። ሊፍቱ ሲከፈት እኔም እንደ ሰው ደነገጥኩ።»

መርፌ በረድፎቹ መሀል እየተዘዋወረች ጠረጴዛ ጠረጴዛው ሥር ታይ ጀመር። አንዱ ጎልማሳ «ምን ጠፋሽ እትዬ?» ሲላት «ሶል» አለችው። እውነትም በደረጃው በኩል ያሉት ጫማዎች አፋቸውን ከፍተው ያዛጋሉ። በሊፍቱ በኩል ያሉት ፀጉር የሚያበጥሩባቸው መስታወት ናቸው። እዚያ ጫፍ ላይ ያለችው ወጣት የአስተባባሪዋ ታናሽ እህት ነበረች።

«ያምራል ጫማሽ።»

«የእህቴ ነው፤ ለዛሬ አዋሰችኝ። ጫማው ያማረ ሠራተኛ፣ እንግዳ በሚገባበት በኩል ይቀመጣል።»

«ቦታሽ መጀመሪያም እዚህ ነበር?»

«ኧረ፣ በልምምዱ ደረጃው ጋ ነበርኩ። ዛሬ እንደወጣን እህቴ የእኛን ረድፍ ሁሉ ወደዚህ አዞረችው።» ልጅቷ ፈገግ አለች። «እንግዶቹም በዚሁ ገቡ። እህቴ አንዳንዴ ይታያታል።»

መርፌ ፈገግታውን አልመለሰችላትም።

እንግዶቹ ሲመለሱ ሁሉንም በስብሰባ ክፍሉ አስቀመጠች። ኃላፊው «ኧረ እነሱ ፊት አይሆንም» እያለ እጅጌዋን ቢጎትትም አልሰማችውም።

«ዳይሬክተር ያላችኋቸው ሰው ተገድለዋል» አለች። «ገዳዩ በራሳቸው ወንበር ቢያስቀምጣቸው ጀርባቸው ለደረጃው፣ ፊታቸው ለሊፍቱ ይሆን ነበር። እንግዶች በደረጃ ይመጣሉ ብሎ ለሚያስብ ሰው ይህ ይበቃዋል። ገዳዩ ግን በእንግዳ ወንበር አስቀመጣቸው፤ ጀርባቸውን ለሊፍቱ ሰጠ። ስለዚህ ሊፍቱ እንደሚሠራ አውቋል። ኃላፊው አላወቀም፤ እናንተን ይዞ ደረጃ ጀምሯል።»

የእንግዶቹ መሪ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ቴክኒሻኑ አውቋል። ግን እሱ ብብታቸውን ይዞ ቢያነሣቸው ሸሚዙ ጥቁር ይሆን ነበር።» ወደ አስተባባሪዋ ዞረች። «አንቺ አላወቅሁም ብለሻል። ሳታውቂ ጫማው ያማረውን ሁሉ ለምን ወደ ሊፍቱ አዞርሽ? ሬሳው አጠገብ ቆመሽ ሳለ ባዶው ሊፍት መጥቶ ፊትሽ ተከፈተ። ያን ጊዜ ነው ያወቅሽው።»

ታናሽ እህቷ አፏን በእጇ ያዘች። የተናገረችው ምን እንደሆነ ገና አሁን ገባት።

አስተባባሪዋ ፊቷን ከእህቷ አዞረች።

«መግደል አልፈለግሁም» አለች። «አርባውን ሰው በየበሩ አንኳኩቼ የጠራሁት እኔ ነኝ። ‹ዘንድሮ ሥራ አለ› ብያቸዋለሁ። ወደ በሩ ሲሄዱ ገፋኋቸው፤ ሣጥኑ ተቀበላቸው። ይነሡ ጋሼ፣ እንግዳ መጣ አልኳቸው። ከዚያ ያ ሊፍት ተከፈተ፤ ሰው የለበትም። ለእሳቸው የመጣ መሰለኝ።»

ኃላፊው ላቡን እየጠረገ ወደ እንግዶቹ ዞረ። «እመቤቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልን። እንደሰሙት ሕንፃው… እውነቱን ለመናገር ባዶ ነው።»

«እሱን ሰምተን አይደል የመጣነው?» አሉ ሴትዮዋ። «ፎቆቹ ሁሉ ባዶ ናቸው ተብለን ነው። ዛሬ ጠዋት ሰው ግጥም ብሎ ሳይ ‹ሠራተኞቼን የት ላስቀምጥ ነው?› ብዬ ምሳዬ ሳይበላ ቀረ። ሌላ ከተማ እንይ ተባብለን ነበር። የተመለስነው ልንሰናበታችሁ ነው።»

ፖሊሱ አስተባባሪዋን በክንዷ አነሣት። በሩ ጋ ስትደርስ ወደ ሴትዮዋ ዞረች።

«ጋሼም እንዲህ ነበር ያሉኝ» አለች። «‹ቦታ ፈልገው ለመጡ ሰዎች ቦታ የለንም እያልናቸው ነው› ብለው ሊነግሩኝ ሞከሩ። አላስጨረስኳቸውም።»