የላቀው ቀይ መብራት

በሩን ዝጉትና ቀረብ በሉ።

ሰዓቱ ጎህ ከመቅደዱ በፊት ነው። ዶሮ ጮኋል፤ ሰው ግን አልተነሣም። መንገዱ ተራራውን እንደ መቀነት ጠምጥሞ ይወጣል፤ በአንድ በኩል ቋጥኝ፣ በሌላው በኩል ገደል። ክረምት ነው። ጉሙ ሲወርድ የገዛ መኪናን ኮፈን እንኳ አያሳይም። በዚያ መንገድ ላይ አንድ መኪና ብቻውን ይሄዳል። ማን ነው በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ጉም፣ ብቻውን የሚሄድ?

ስንሻው ነው።

ስንሻው ማን ነው? የመኪና እሽቅድምድም ነጂ ነው። የሚነዳውም የተለየ መኪና አይደለም፤ ቤተሰብ ተጭኖ ለቅሶ የሚኬድበት ባለአራት በር የቤት መኪና ነው። እንዲቀልለት የኋላ ወንበሩን አውጥቶታል፤ በሩ ላይ ቁጥር አጽፎበታል፤ ሌላው ያው ነው። በዚያች ከተማ በየዓመቱ ክረምት ሊወጣ ሲል መንገዱ ይዘጋና እንዲህ ያሉ መኪኖች ተራራውን ይዞራሉ። ሕዝቡ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያያል።

ስንሻው ጥሩ ነጂ ነበር። ግን ሁልጊዜ ሁለተኛ ነው። አንደኛው ላቀው ነው።

የላቀው መኪና የግራ የኋላ መብራት አልነበረውም። የመጀመሪያውን ዋንጫ ያገኘ ቀን ከግንብ ጋር ተላትሞ ተሰበረ። «ዕድሌ በዚያ ቀዳዳ ነው የገባው» ብሎ ሳያስጠግነው ቀረ። ስለዚህ ላቀውን ከኋላ የሚያይ ሰው የሚያየው አንድ ቀይ መብራት ብቻ ነው። ከኋላ የሚያየው ማን ነው? ስንሻው ነው። ዓመት መጥቶ ዓመት ሲሄድ ያንን መብራት ይከተላል። መብራቱ ሲደምቅ ላቀው ፍሬን ያዘ ማለት ነው፤ ስንሻውም ይይዛል። ሲደበዝዝ ላቀው ለቀቀ ማለት ነው፤ ስንሻውም ይለቃል። ከተማው «ጭራው» ብሎ ስም አወጣለት።

«ጭራው፣ ዘንድሮስ ከየት ደረስክ?» ይሉታል ቢሊያርድ ቤት።

«ከላቀው ኋላ።»

«አንዳንዴ እንኳ ከፊቱ ብትሆን ምን አለበት?»

«ከፊቱ ብሆን መንገዱን ማን ያሳየኛል?» ይልና ይስቃል። ያኔ ቀልድ ነበር።

አንድ ክረምት ላቀው ብቻውን ልምምድ ወጥቶ ትልቁ ኩርባ ላይ ገደል ገባ። ያየ የለም። እስከ ረፋድ ድረስ የጠየቀም የለም። ነጂዎቹ ከቀብር ሲመለሱ ተማከሩና ደንብ አወጡ፤ ከእንግዲህ ማንም ብቻውን አይለማመድም። ጥንድ ጥንድ ሆኖ ነው፤ አንዱ ቢወድቅ ሌላው እንዲጮህለት።

አሁን ስሙ። አንደኛው ከሞተ ሁለተኛው አንደኛ ይሆናል፤ አይደለም? ከተማው እንዲያ ነው ያለው። የስንሻው ሚስት አስካለ ብቻ እንዲያ አላለችም።

«ሁለተኛ ሆነህ ግባልኝ» አለችው። «ሦስተኛ ብትሆንም ራትህ አይቀርብህም።»

ስንሻው ግን ለማንም ያልነገረው ነገር ነበር። መንገዱን አያውቀውም። ያን ሁሉ ዓመት የተመላለሰበትን መንገድ አያውቀውም። የሚያውቀው መብራቱን ነው። መብራቱን አንሡበትና ጠይቁት፤ ኩርባው ከየት ይጀምራል? ፍሬን የሚያዘው የት ላይ ነው? ታዲያ ከጓደኛ ጋር ቢወጣ እንደ ጀማሪ እየፈራ እየተባ ሲነዳ ሊታይ ነው። ይህን ቢሊያርድ ቤት ቢሰማ ምን ሊለው ነው? ስለዚህ ደንቡን ጣሰ። መንገዱን ሊማር ብቻውን ወጣ።

የመጀመሪያው ቀን ቀስ ብሎ ነዳ። ጉሙ ውስጥ፣ ከሩቅ፣ የክብሪት ጫፍ የምታህል ቀይ ነገር አየ። የከሰል አክሳዮች እሳት ነው ብሎ ተመለሰ።

በሁለተኛው ቀን ቀይዋ ነገር ቀረበች። አንድ ናት። በቀኝ በኩል ናት። ከትልቁ ኩርባ በፊት ደመቀች። ስንሻው ሳያስበው እግሩ ፍሬኑ ላይ አረፈ፤ ኩርባውንም እንደ ጥንቱ በደህና ዞረ። ፈራ? ፈራ። ግን ደስም አለው።

ቀጥ ብሎ መካኒኩ ጋሽ ኑርዬ ዘንድ ሄደ። ጋሽ ኑርዬ የእሱንም የላቀውንም መኪና ሲጠግን የኖረ ሰው ነው።

«ጋሼ፣ ላቀው መንገዱ ላይ አለ።»

ጋሽ ኑርዬ ከመኪናው ሥር አልወጣም። «ሲደምቅ ፍሬን ያዝክ?»

«ያዝኩ።»

«ዞርክ?»

«ዞርኩ።»

«እንግዲያው ከኋላው ሁን። አንደኝነቱን ለሞተ ሰው ብትተውለት ምን ይጎድልብሃል?»

«ሞቶም ይቅደመኝ?»

«በሕይወቱ ሲቀድምህ በልተህ አድረሃል፣ ልጄ። ነገ ብቻህን አትውጣ።»

በማግስቱ ወጣ። ብቻውን።

ቀይ መብራቱ በዚያ ቀን ሩቅ አልነበረም። መነሻው ላይ ቆሞ ይጠብቀው ነበር። ስንሻው ሲነሣ ተነሣ። ሲፈጥን ፈጠነ። አሁን ሁሉ ነገር ይታያል፤ የተላተመው ጎን፣ በሩ ላይ ያለው ቁጥር፣ ላቀው አንገቱ ላይ የሚጠመጥመው ፎጣ። ከትልቁ ኩርባ በፊት ቀጥ ያለ መንገድ አለ። እዚያ ሲደርሱ ላቀው ወደ ቀኝ ዳር ወጣ።

መንገድ ለቀቀለት። ላቀው በሕይወቱ ለማንም መንገድ ለቅቆ አያውቅም።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

ስንሻው ማርሽ ቀየረና ረገጠው። ጎን ለጎን ሆኑ። ዞር ብሎ አየ። ላቀው መንገዱን አያይም ነበር፤ የሚያየው እሱን ነው። ከዚያ አለፈው። ስንሻው አንደኛ ሆነ።

ከፊቱ ምን ነበር? ጉም። ነጭ ጉም ብቻ። የሚደምቅ የለም፤ የሚደበዝዝ የለም። ኩርባው የት ነው? እግሩ ፍሬኑ ላይ ተንጠልጥሎ ምልክት ይጠብቃል። ስፖኪዮውን ቢያይ ከኋላው ጨለማ ነው።

ከኩርባው በታች የሚኖር አንድ የመንገድ ጠባቂ ሁለት ሞተር ሰማሁ ብሏል። ሲወድቅ የሰማው አንድ ነው። አስፋልቱን መረመሩት፤ የፍሬን ምልክት የለበትም። ስንሻው እስከ ቀትር በሕይወት ነበር። የነገርኳችሁን ሁሉ ለአስካለ የነገራት እሱ ነው። በመጨረሻም እጇን ይዞ «ቀደምኩት» አላት።

ይኸው ነው። በዚያ መንገድ ዛሬም ብቻውን የሚሄድ አለ፤ ዛሬም አንድ ቀይ መብራት ከፊቱ ይሄድለታል። ተከትሎት የዞረ ቤቱ ገብቷል። መንገድ ሲለቅለት ያለፈው ግን አልገባም።

አንተ፣ በሩ አጠገብ ያለኸው። ዛሬ ማታ በዚያ ጉም ብቻህን ነድተህ መጣህ አይደለም? ስትገባ «ደግነቱ ከፊቴ መኪና ነበር፣ እሱን ተከትዬ ደረስኩ» ስትል ሰምቼሃለሁ።

መብራቱ ስንት ነበር?

አንድ ጣት ብቻ አነሣህ። እንግዲያው ዛሬ እዚሁ እደር።