ወደ ኋላ የሄደው ቆጣሪ

«ቆጣሪ ላነብ ነው፤ ክፈቱልኝ» የሚል ድምፅ ከውጭ ተሰማ።

ልጅቷ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደለጠፈች ደርቃ ቀረች። ቤት ውስጥ ከእሷ በቀር ማንም የለም።

«መጡ» አለች በሹክሹክታ።

«እነማን?» አለ ታላቅ ወንድሟ ከሥራ ቦታው።

«የውሃ ቆጣሪ አንባቢው ናቸዋ። ቅዳሜ መልሼ አዞረዋለሁ ብለህ አልነበር? ረሳኸው አይደል?»

ወንድሟ የቧንቧ ሠራተኛ ነው። ቆጣሪውን ፈትቶ ገልብጦ ስለገጠመው፣ ውሃ በፈሰሰ ቁጥር ቁጥሩ ወደ ኋላ ይሄዳል። ሐሳቡ ንባቡን ትንሽ ቀንሶ ቆጣሪውን መልሶ ለማስተካከል ነበር። አሁን ግን ንባቡ ካለፈው ወር በታች ወርዷል። ይህን ለሚያይ አንባቢ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

«ስሚኝ እህትዬ፣ አትደንብሪ። የቆጣሪው ሳጥን ቁልፍ ጠፍቷል በያቸው። በግምት ሞልተው ይሄዳሉ። ከተነቃብኝ እኮ ከሥራዬ ተባረርኩ ማለት ነው። ውሃውንም ይቆርጡብናል።»

በሩ እንደገና ተንኳኳ። የሳጥኑ ቁልፍ መዳፏ ውስጥ ነው። ኪሷ ውስጥ ከተተችውና በሩን ከፈተች።

አንባቢው ሸምገል ያሉ፣ ቦቲ ጫማቸው ጭቃ የጠጣ ሰው ናቸው። «ውሻ የላችሁም አይደል ልጄ? እዚያ ማዶ አንዱ ሱሪዬን አንብቦልኛል።»

መሳቅ አቃታት። «የለንም። ቁልፉ ግን… ጠፍቷል።»

«ይሁን፣ በግምት እሞላዋለሁ። ጠፍቷል ያለኝን ሰው ስም ግን እመዘግባለሁ። አንቺን ልጻፍ?»

ወንድሟ ማታ መጥቶ ቆጣሪውን ቢያዞረው እንኳ፣ የወረደው ቁጥር ተመልሶ አይወጣም። በሚቀጥለው ወር እኚሁ ሰው መጥተው ያዩታል። ያን ጊዜ የሚጠየቀው ውሸቱ ላይ ስሙ ያለበት ሰው ነው።

«በያቸው እንጂ፣ ምን ይዘጋሻል?» አለ ወንድሟ በስልኩ።

«አልችልም» አለችው። «አንተው ንገራቸው።»

«አብደሻል እንዴ? ቆይ፣ ቆይ…»

ስልኩን ከጆሮዋ አነሳች። «ወንድሜ ነው» አለች ለአንባቢው። «ስለ ቆጣሪው የሚነግርዎት ነገር አለ።»

ሰውየው ግራ ተጋብተው አዩዋት። እሷ ግን ስልኩን የዘረጋችበትን እጇን አላጠፈችም።