ማንም የሚገባበት ስክሪን

«እኛ አገር ገብሱ ሊያሽት ሲል ውርጭ ከመታው፣ የዚያ ዓመት ነገር አለቀለት ማለት ነው» አለች ይመኙሽ፣ መድረኩ ላይ ቆማ። ማይክሮፎኑን በሁለት እጇ ይዛለች። ከኋላዋ ባለው ትልቅ ስክሪን ላይ ጫፍ ጫፉ የነጣ፣ የትውልድ አገሯ የመካነ ብርሃን ገብስ ይታያል። አዳራሹን የሞሉት ተማሪዎች እንደወትሯቸው አልተንጫጩም፤ ጸጥ ብለው ይሰሟት ነበር።

ጽጌሬዳ ከፊተኛው ረድፍ ጥግ ተቀምጣ ተራዋን ትጠብቃለች። የሳይንስ ክበቡን ሥራ የሠሩት ሁለቱ አብረው ነው። ስለ ውርጩ ይመኙሽ ትናገራለች፣ የሙቀት መጠኑን በግራፍ የምታሳየው ደግሞ ጽጌሬዳ ናት። ግራፉ ያለው ከቤት ባመጣችው የአባቷ ላፕቶፕ ውስጥ ነው። ይመኙሽ ወደ ማብቂያዋ ስትቃረብ፣ ጽጌሬዳ ላፕቶፑን ጭኗ ላይ አድርጋ ከፈተችው።

ገብሱ ከስክሪኑ ላይ ጠፋ።

በምትኩ የቴሌግራም መልእክት መጣ። ፊደሉ ከኋላ ወንበር እንኳ ይነበባል።

«ዛሬ ደግሞ ይመኙሽ መድረክ ላይ ልትወጣ ነው። አጠገቧ መድረስ ያስጠላል። ያላት ዩኒፎርም አንድ ስለሆነ ማታ አጥባ ሳይደርቅ ትለብሰዋለች። እርጥብ እርጥብ ትሸታለች።»

ከሥሩ ሰላም የምትባል ልጅ መልስ ሰጥታለች፤ «ኧረ ጉድ» ይልና በሳቅ እንባቸው የሚፈስ ፊቶች ተደርድረዋል።

መጀመሪያ የሳቁት ከኋላ የተቀመጡት ናቸው። ጽጌሬዳ ምን እንዳሳቃቸው አልገባትም ነበር። ቀና ብላ ስክሪኑን አየች፣ ጎንበስ ብላ ላፕቶፑን አየች። ሁለቱም ላይ ያለው አንድ ነው። ጠዋት ቁርስ እየበላች በዚሁ ላፕቶፕ ለጓደኛዋ ለሰላም የጻፈችው ነው። ላፕቶፑን ጠርቅማ ዘጋችው። ስክሪኑ ባዶ ሰማያዊ ሆነ።

ይመኙሽ ግን ልጆቹ ምን እንዳሳቃቸው ለማየት ዞር ብላ ነበር። አንብባዋለች። ጀርባዋን ለአዳራሹ እንደሰጠች ትንሽ ቆየች። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞረች፤ ድምፅዋ ወርዷል፣ ንግግሯን ግን አላቋረጠችም። ውርጭ የሚመጣበትን ሌሊት ገበሬው በምን እንደሚያውቀው ያለ ምንም ስዕል ተናግራ ጨረሰች። ማይክሮፎኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ በጎን በር ወጣች።

የጽጌሬዳ ተራ በዚያ ቀን አልደረሰም።

ነገሩ የጀመረው ስክሪኑ ለትምህርት ቤቱ የተሰጠ ጊዜ ነው። ሽቦ የለውም፤ የማንኛውም መምህር ላፕቶፕ በዋይፋይ ይገናኘዋል። ለመገናኘት ግን በየጊዜው ስክሪኑ ላይ የሚወጣ ቁጥር አለ፣ እሱን ላፕቶፑ ላይ መጻፍ ያስፈልጋል። መምህራኑ ተማረሩ። «ቁጥሩን ስጽፍ ክፍለ ጊዜዬ አለቀ» ይላል አንዱ፤ «መነጽሬን ካላመጣሁ አይታየኝም» ትላለች ሌላዋ። የኮምፒውተሩ መምህር ፊልጶስ፣ ጽጌሬዳ በክበቡ ካሉት ሁሉ ጎበዟ ስለሆነች፣ መምህራኑን እንድትረዳ አደራ ሰጣት።

እሷም አንድ ቀን ወደ ስክሪኑ ማስተካከያ ገብታ ቁጥሩን አጠፋችው። ከዚያ በኋላ ዋይፋዩ ያለው ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ይገባል። መጨረሻ የመጣው የፊተኛውን ገፍቶ ይገባል። ከቤት የምታመጣውን ላፕቶፕማ ገና ሲከፈት በራሱ እንዲገናኝ አድርጋዋለች። መምህራኑ አመሰገኗት፣ «ሸጋ ልጅ» አሏት፣ አንዷም አቅፋ ሳመቻት። ለመምህር ፊልጶስ ግን አልነገረችውም። ብትጠይቀው «አይሆንም» እንደሚላት ታውቅ ነበር።

አዳራሹ ከተበተነ በኋላ መምህር ፊልጶስ ወደ ኮምፒውተር ክፍሉ ጠራት። እሷን ጠርጥሮ አልነበረም።

«ጽጌሬዳ፣ ስክሪኑን ከኔ በላይ የምታውቂው አንቺ ነሽ። ምንድን ነው የሆነው?»

«ሰው ገብቶበት ነው መሰለኝ ቲቸር።»

«እንዴት ይገባል? ቁጥር ይጠይቅ የለም እንዴ?»

«አሁን አይጠይቅም። ማንም መግባት ይችላል።»

መምህር ፊልጶስ ግንባሩን ቋጠረ። «ማን አጠፋው?»

«እንጃ» አለች ጽጌሬዳ።

አፏ በራሱ ያወጣው ቃል ነው የመሰላት። ግን ከወጣ በኋላ መልሳ ልትውጠው ትችል ነበር፤ አልዋጠችውም። ሰላም የምትማረው አዘዞ ባለ ሌላ ትምህርት ቤት ነው፤ እዚህ ደግሞ ሰላም የሚባሉት ብዙ ናቸው። የጻፈውን ሰው ስም ስክሪኑ አላሳየም። ሁሉም ወደ ፊት ሲመለከቱ እሷ ላፕቶፕ ስትዘጋ ማንም አላያትም።

ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ጥፋተኛውን አግኝቶ ነበር። ምንይችል ነው ተባለ። ባለፈው ሳምንት አዳራሹ ውስጥ በነበራቸው የባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ የኳስ ጎል ስክሪኑ ላይ ለቆ ክፍሉን ያሳቀ እሱ ነበርና።

«ጎሉን ለቅቄያለሁ፣ አልክድም» አለ ምንይችል፣ ልጆቹ ሲከቡት። «ይሄን ግን እኔ አላደረግኩም። ይመኙሽ ምን አድርጋኝ?»

አላመኑትም። ርዕሰ መምህሯ ነገ ወላጅ ይዞ እንዲመጣ አዘዘችው። ጽጌሬዳ ከመቀመጫዋ ሆና ይህን ሁሉ ሰማች፣ የምትጽፈው ነገር ያላት ይመስል ደብተሯ ላይ አቀርቅራ።

በማግስቱ ጠዋት ጎንደር ብርዷ አጥንት ሰርስሮ ይገባ ነበር። ጽጌሬዳ ክፍል ስትገባ ይመኙሽ ቀድማ መጥታለች። የተቀመጠችው ሁለቱ በሚጋሩት ዴስክ ላይ ነው፣ ግን እንደ ወትሮው መሃል ላይ አይደለም። ከግድግዳው ጋር ተለጥፋ፣ እጇን ወደ ራሷ ሰብስባ፣ የዴስኩን ግማሽ የሚያልፍ ቦታ ትታለች።

ጽጌሬዳ ለምን እንደራቀች ወዲያው ገባት። እንዳትሸታት ነው።

«ጠጋ በይ እንጂ፣ ግድግዳው ይበርዳል» አለቻት።

«እዚህ ይሻለኛል።»

ይመኙሽ ደብተሯን እየገለጠች፣ «ምንይችልን ሊያባርሩት ነው ይላሉ» አለች።

«እንግዲህ ካጠፋ…» አለች ጽጌሬዳ። ድምፅዋን ራሷም አላወቀችውም።

ይመኙሽ ቀና አላለችም። «ጽጌ፣ የዩኒፎርሜን ነገር በዚህ ትምህርት ቤት ማንም አያውቅም። የነገርኩት ላንቺ ብቻ ነው።»

እውነት ነው። አንድ ጠዋት ደረጃው ላይ ስትንቀጠቀጥ አይታ ጽጌሬዳ ራሷ ነበረች የጠየቀቻት። ይመኙሽ ከመካነ ብርሃን ለትምህርት መጥታ ከአክስቷ ልጅ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተው ነው የሚኖሩት። «ምነው ታዲያ፣ ፀሐይ ስትወጣ ላዬ ላይ ይደርቃል» ብላ ስቃ ነበር የነገረቻት። ጽጌሬዳም አብራት ስቃ፣ ሹራቧን አውልቃ አልብሳታለች።

«ለምን አልተናገርሽም ታዲያ?» አለች ጽጌሬዳ በሹክሹክታ።

«ምን ብዬ? ‹አዎ፣ ዩኒፎርሜ አንድ ነው› ብዬ ልጀምር?»

መምህሩ ገባ። ሁሉም ተነሥቶ ቆመ። በዚያ ክፍለ ጊዜ ምን እንደተማሩ ጽጌሬዳን ቢጠይቋት አታውቅም። ይመኙሽ ተቆጥታ ብትሰድባት ይቀላት ነበር። ያቺ ግን መምህሩ የሚለውን እየሰማች በእርጋታ ትጽፋለች፤ እጅጌዋ የጽጌሬዳን ክንድ እንዳይነካ ተጠንቅቃ።

በእረፍት ሰዓት ጽጌሬዳ ወደ መጸዳጃ ቤት ስታልፍ፣ ከርዕሰ መምህሯ ቢሮ ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ላይ አንዲት ሴት ተቀምጠው አየች። ነጠላቸውን ተከናንበዋል፣ ጫማቸው ላይ የመንገድ አቧራ አለ። ምንይችል አጠገባቸው ቆሞ መሬት መሬቱን ያያል። እናቱ እታገኘሁ ናቸው፤ ኮሶዬ ላይ፣ በደባርቅ መንገድ ዳር፣ ለመንገደኛ ምግብ ይሸጣሉ። ዛሬ ቤታቸውን ዘግተው በጠዋት መኪና ነው የመጡት።

«ልጄ» አሉ ሴትዮዋ ጽጌሬዳን ሲያዩ፣ «ከሱ ክፍል ነሽ?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ያቺ ልጅ እንደምን አለች? የገጠር ልጅ ናት አሉኝ።» ልጃቸውን አላዩትም። «ከቢሮ ስወጣ አግኝቻት ይቅርታ ልጠይቃት ነበር። የቷ እንደሆነች ታሳዪኛለሽ?»

ምንይችል፣ «እማ፣ እኔ አይደለሁም አልኩሽኮ» አለ። ድምፁ ሊሰበር ምንም አልቀረው።

«ዝም በል» አሉት፣ ቀስ ብለው። «ሁሉም እሱ ነው እያለ አንተ ብቻ አይደለሁም ትላለህ።»

ጽጌሬዳ ከዚያ ልትሄድ ትችል ነበር። ደወሉ ሊደወል ነው። ይመኙሽን ከሩቅ ማሳየት፣ «ያቺ ናት» ማለት፣ ቀላል ነበር። ሴትዮዋ ሄደው የማታውቃቸውን ይመኙሽን፣ ምንይችል ስላላጠፋው ጥፋት፣ እጇን ይዘው ሲለምኗት በዓይነ ሕሊናዋ ታያት።

«እትዬ፣ እሱ አይደለም» አለች።

ምንይችል ቀና አለ።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት። ስክሪኑ ላይ የወጣውም ከኔ ኮምፒውተር ነው።» ሴትዮዋ ምን እንደሚሉ ለመስማት አልጠበቀችም፣ ፊታቸውንም ለማየት አልደፈረችም። የቢሮውን በር አንኳኳች።

ውስጥ ርዕሰ መምህሯና መምህር ፊልጶስ ነበሩ። ጽጌሬዳ ስታወራ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የስልክ ገመድ ነው የምታየው። ጽሑፉ የማን እንደሆነ ተናገረች። ቁጥሩን ማን እንዳጠፋው ተናገረች። መጨረሻ ላይ፣ «ትናንት ‹እንጃ› ያልኩት ዋሽቼ ነው» አለች። እሱን ማለት ከሁሉም ከበዳት፣ ምክንያቱም መምህር ፊልጶስ ትናንት አምኗት ነበር።

ርዕሰ መምህሯ እናቷን እንድታመጣ፣ ምንይችል ንጹሕ መሆኑንም በክፍሉ ፊት እንድትናገር አዘዘቻት። ስትወጣ ምንይችል በሩ ላይ ቆሟል። «እናቴ ዛሬ ሥራዋን ትታ ነው የመጣችው» አላት።

በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ጽጌሬዳ ሰሌዳው ፊት ቆመች። «ትናንት ስክሪኑ ላይ የወጣውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ምንይችል ምንም አላደረገም። ስክሪኑንም ማንም እንዲገባበት ክፍት የተውኩት እኔ ነኝ» አለች። ለይመኙሽ የምትለውንም አዘጋጅታ ነበር። ግን እዚያ ብትናገረው የዩኒፎርሙ ነገር እንደገና በሁሉም ፊት ሊነሣ ነው። ተወችው። ክፍሉ ውስጥ የሳቀ የለም፤ ዓይን ግን ሁሉ እሷ ላይ ነበር።

ከትምህርት በኋላ መምህር ፊልጶስ ወደ አዳራሹ ወሰዳት። አልተቆጣትም።

«ለምን አጠፋሽው?»

«ሲያመሰግኑኝ ደስ ይለኝ ነበር።»

ራሱን ነቀነቀ። «መምህራኑ መማረራቸው ልክ ነው። ቁጥሩ እኔንም ያሰለቸኛል። ብትጠይቂኝ ሌላ መላ አብረን እንፈልግ ነበር።»

አብረው ተቀመጡ። እያንዳንዱ የመምህር ላፕቶፕ አንድ ጊዜ ብቻ ቁጥሩን ጽፎ ከስክሪኑ ጋር እንዲተዋወቅ አደረጉ፤ ከዚያ ወዲያ ያለ ቁጥር ይገባል። የማይታወቅ ኮምፒውተር አይገባም። የታወቀውም ቢሆን ባለቤቱ «አሳይ» የሚለውን ካልተጫነ ስክሪኑ ላይ ምንም አይወጣም፤ ሌላ ሰው እያቀረበ ከሆነም እስኪጨርስ ይጠብቃል።

«በቃ? ይኸው ነው?» አለች ጽጌሬዳ ሲያልቅ።

«ይኸው ነው።»

ይህን ያህል ቀላል መሆኑ የበለጠ አሳፈራት።

ከግቢው ስትወጣ ይመኙሽ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። ሁልጊዜ እስከ አራዳ አብረው ነው የሚሄዱት። ልማድ ሆኖባት ይሁን ልትጠብቃት አስባ፣ ጽጌሬዳ አላወቀችም። ቀረበቻት።

«ይቅርታ ልልሽ ነበር።»

«ክፍል ውስጥ ሰምቼሻለሁ።»

«እሱ ለምንይችል ነው። ላንቺ አልነበረም።»

ይመኙሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን አየቻት። «ለኔስ ምንድን ነው የምትይው?»

ጽጌሬዳ ያዘጋጀችውን ቃል ተወችው። «ውሸቴን ነው የጻፍኩት ብልሽ አታምኚኝም» አለች። «እርጥብ ነበር፣ ሸትቶኛል። ግን አንቺ የነገርሽኝ ጓደኛሽ ብለሽ ነው። እኔ ለሳቅ አወጣሁት። እሱ ነው ያሳፈረኝ።»

አንድ ባጃጅ ጥሩምባውን እየነፋ በመሃላቸው ሊያልፍ ሲል ሁለቱም ወደ ዳር ሸሹ። ካለፈ በኋላ ይመኙሽ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች።

«ዛሬ ብቻዬን ልሂድ» አለች።

«እሺ።»

ይመኙሽ ቁልቁለቱን ያዘች። የጽጌሬዳም ቤት በዚያው በኩል ነበር። ከኋላዋ ብትከተላት ግን፣ ይመኙሽ እስከ አራዳ ድረስ እርምጃዋን እየሰማች፣ እንዳትዞር አንገቷን አቅንታ ነው የምትሄደው። ጽጌሬዳ ላፕቶፑን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ በነገሥታቱ ግንብ አጥር ዙሪያ የሚያዞረውን ረጅሙን መንገድ ይዛ ሄደች።