የልጃችን ማሳ

ክፉ ሰው ሲይዝህ ትጮሃለህ፤ ሰፈር ይደርስልሃል። የያዘህ ሰፈሩ ራሱ ሲሆን፣ ያውም በፍቅር ሲሆን፣ ወዴት ይጮኻል?

የአትክልተኛው ልጅ ይህን ጥያቄ በሆዷ ይዛ ሦስት ዓመት ኖራለች። የመጣችው ለሁለት ሳምንት ብላ ነበር። አባቷ የዕቃ ቤቱን ጣሪያ ሲጠግን ወድቆ ወገቡን ሲጎዳ፣ ከምትማርበት ትልቅ ከተማ ልታስታምመው መጣች። እናቷ ቀድማ ሞታለች፤ ሌላ ልጅም የለውም። አባትየው ዳነ፣ ጎንበስ ማለት ግን ተሳነው። ሁለቱ ሳምንት ሲያልቅ ካሮቱ መነቀል ነበረበት። ካሮቱ ሲነቀል ሽንኩርቱ ውሃ ጠየቀ። እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመት አለፈ፣ ሌላም አለፈ።

ማሳዋ ትንሽ ናት፤ በከተማዋ ዳር፣ በቤቶቹና በአውቶቡስ መንገዱ መካከል ተወሽቃ የቀረች። ሰፈሩ ግን የሚበላው ከእሷ ነው። አባትየው የወደቀ ሰሞን መሬቱ ጦሙን ሊያድር ነው ሲባል፣ ጡረታ የወጡት መምህርት በየቤቱ እያንኳኩ ዞሩ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው!» እያሉ ስንቱን ሰው ከአልጋው አስነሱት። ተራ ወጣ። ቅዳሜ ቅዳሜ አራት አራት ቤት እየመጣ ያርማል፣ ይኮተኩታል፣ ይለቅማል፤ ረቡዕ ረቡዕ ለየቤቱ አንድ ሳጥን አትክልት ይደርሳል። ቀለም ቀቢው ደግሞ በራሱ ቀለም ሰሌዳ ጽፎ መንገድ ዳር ተከለ፦ «የልጃችን ማሳ»።

«መቆየት ትፈልጊያለሽ ወይ?» ብሎ የጠየቃት የለም። ከክፋት አልነበረም፤ መልሱን የሚያውቁት መስሏቸው ነው። እሷም «ምን ይሉኛል?» እያለች ዋጠችው። ሰው ሁሉ ለእኔ ብሎ ጀርባውን እየሰበረ፣ በምን አፌ? ይሉኝታ እንደሆነ ከገመድ ይብሳል፤ ገመድ ቢያንስ ቋጠሮው ይታያል።

አንድ ቅዳሜ ተረኛዋ ልብስ ሰፊ ጉልበቷን ስላመማት በእሷ ፈንታ የወንድሟን ልጅ ላከች። አብሯት የሚኖር፣ ቀጠን ያለ፣ እጅጌውን እንኳ በሥርዓት የሚጠቀልል ወጣት ነው። ልጅቷ አንድ መደብ አሳየችውና ወደ ቧንቧው ሄደች። ስትመለስ ባለችበት ደርቃ ቀረች።

«ይህን ሁሉ ያረምከው አንተ ነህ?»

«ከዳር እስከ ዳር» አላት በኩራት። «አንዲት አላስቀረሁም።»

«አላስቀረህማ። የነቀልከው ካሮቱን ነው። የተውከው አረሙን ነው።»

በእጁ የያዘውን እፍኝ ቅጠል አየ። መደቡን አየ። ፊቱ ቀላ።

«ይሄ ቆንጆው... አረም ነው?»

«አረም ነው።»

«እኔ'ኮ ደስ ሲል ጊዜ አንጀቴ አልችል ብሎ ነው የተውኩት።»

«ለመሆኑ ሥራህ ምንድነው?»

ትንሽ አመነታ። «መነጽር ሠሪ ነኝ።»

ሳቋ አመለጣት። ቆማ መሳቅ አቃታትና ከነቆሻሻ ልብሷ መደቡ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። አባትየው ከወንበሩ ሆኖ አንገቱን አሰገገ፤ ልጁ እንዲህ ስትስቅ ሦስት ዓመት አልሰማም ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰፈሩ «ነቃዩ» አለው። ነቃዩም በሚቀጥለው ቅዳሜ «ያጠፋሁትን ልተካ» ብሎ መጣ። ከዚያ በኋላ የአክስቱ ጉልበት አልድን አለ። ጉድ የሚያሰኘው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ የሚታመም ጉልበት ሆነ፤ እሑድ እሑድ ልብስ ሰፊዋ ገበያውን ስትዞረው ትውላለች።

ከሰዓት ሥራው ሲያልቅ፣ ሁለቱ ቧንቧው አጠገብ እጃቸውን ታጥበው ይቀመጣሉ። ብዙ አያወሩም። እሷ ጥፍሯ ውስጥ የገባውን አፈር ትፈቀፍቃለች፤ እሱ እጇን ያያል፤ ስታየው ወደ ጎመኑ ይዞራል።

«ሩቅ ስታዪ ዐይንሽን ታጨነቁሪያለሽ» አላት አንድ ቀን። «መነጽር ያስፈልግሻል።»

«ሩቅ የማይበት ምን ጉዳይ አለኝ?»

በቀልድ ነበር ያለችው፤ ድምፅዋ ግን ቀልዱን አልተከተለውም። እሱ ዐይኗን ለክቶ፣ በሦስተኛው ቅዳሜ መነጽር ሠርቶ መጣና ራሱ አደረገላት። ጣቶቹ ጆሮዋን ሲነኩ ትንፋሿን ያዘች። ከዚያ ቀና አለች። ለካ የአውቶቡስ መንገዱ ይህን ያህል ቅርብ ኖሯል! በሚያልፈው አውቶቡስ መስኮት የተሳፋሪዎቹ ፊት ይታያል፤ አንዷ ሴት ጭንቅላቷን መስታወቱ ላይ ጥላ ተኝታ ትሄዳለች። መነጽሩን አወለቀችው።

«ምነው? ልክሽ አይደለም?»

«ልኬ ነው» አለች። «ችግሩ ልኬ መሆኑ ነው።»

ወደደችው። ነገሩን ማሳመር አያስፈልግም፤ ወደደችው። ሳምንቷ ረቡዕና ቅዳሜ ብቻ የነበረባት ልጅ፣ በሐሙስና በዐርብ መካከልም ብዙ ሰዓት እንዳለ ታወቃት።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ እዚያው ቧንቧው አጠገብ እንዲህ አላት፦ «ትልቁ ከተማ ያለ የዐይን ክሊኒክ ተቀበለኝ። በወሩ መጨረሻ እሄዳለሁ።»

እሷ ትማርበት የነበረው ከተማ ነው። «ነይ» እስኪላት ጠበቀች። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ መልሶ ገጠመ።

«እንኳን ደስ ያለህ» አለችው።

«አመሰግናለሁ» አላት። ከሁለቱም የተናገረውን ከልቡ ያለ አልነበረም።

ያን ሳምንት ረቡዕ ሳጥኖቹን ስትሞላ ሰላጣውን ከሥር፣ ቀይ ሥሩን ከላይ ብታደርገው፣ ስንቱ ቤት የተጨፈለቀ ሰላጣ በላ! አልወደደኝም ማለት ነው፣ ትላለች። ደግሞ፣ ቢለኝስ ምን ልመልስለት ኖሯል? አባቴን፣ ሰፈሩን፣ ይህን ሁሉ እጅ ወዴት ጥዬው? ማልቀስ ፈለገች፤ ግን ሳጥን ሊወስዱ የመጡት ሁሉ «ተባረኪ ልጃችን!» ይሏት ነበርና ለማልቀስ እንኳ ባዶ ቦታ አላገኘችም።

ሰፈሩ መቼም ዐይን አለው። ነቃዩ ሊሄድ መሆኑን ሰማ፤ የልጃቸውን ፊት አየ፤ መፍትሔም አበጀ። በቅዳሜው ተረኞቹ አራት ቤቶች ሳይሆኑ ሰፈሩ በሙሉ መጣ፤ ብሎኬት በጋሪ፣ አሸዋ በጆንያ ይዞ። ግንበኛው ገና ከመድረሱ በዕቃ ቤቱ ጎን ሲባጎ ወጠረ።

«ምንድነው ይሄ፣ እትዬ?» አለች ልጅቷ።

መምህርቷ ፊታቸው በርቷል። «የሁለታችሁ ቤት ነዋ! መነጽሩንም እዚሁ ይሥራ፤ ሱቅ የሚሆን ክፍል ተለክቷል። አንቺም ከማሳሽ አትለዪ፣ እሱም ካንቺ። እድሜ ልካችሁን!»

ሰው አጨበጨበ። ነቃዩ ከሰዉ መካከል ቆሟል፤ አንዱ ብሎኬት አስይዞታል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ልጅቷ ሲባጎውን አየችው። ከችካል ወደ ችካል አራት ማዕዘን ሠርቷል፤ እሷ የቆመችው መሐሉ ላይ ነው።

«አልፈልግም።»

«ምን አልሽ የኔ ልጅ?»

«አልፈልግም!» አለች ደግማ። «ቤቱን አልፈልግም። ማሳውንም አልፈልግም። ፈልጌም አላውቅም። ለሁለት ሳምንት ነበር የመጣሁት።»

ሥጋ ሻጩ መኮትኮቻውን ወረወረ። «ሦስት ዓመት ይሄን ወገብ ያጎበጥኩት ለማትፈልግ ሰው ነው?» አለና ሄደ። ሌሎችም ተከተሉት። አብዛኞቹ ግን ብሎኬታቸውን እንደያዙ ቆመው ቀሩ።

አባትየው ወንበሩን ይዞ እንደምንም ተነሣ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተስ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ አባዬ?»

«እኔማ...» አለ ወንበሩን እንደተደገፈ። «ሰው ያርሰው፣ ለሰፈሩ ልስጠው ብዬ ስንት ጊዜ አስቤያለሁ። ልቧ እዚህ ነው፣ ትሞትብኛለች ብዬ ነው የተውኩት።»

መምህርቷ ብሎኬት ላይ ቁጭ አሉ። «እኛ ደግሞ ለእናንተ ብለን!»

ግንበኛው የሲባጎውን ጫፍ ይዞ ግራ ገብቶታል። «እንግዲህ... ልሰብስበው?»

አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ልብስ ሰፊዋ ያን በሽተኛ ጉልበቷን ረስታ ብድግ አለች። «ሰብስበው! ምን ያፋጥጠናል? ሲበላ የኖረው ማን ነው፣ እኛ አይደለንም? በሳምንት አንድ ቀን የምንመጣ፣ ሁለት ቀን እንምጣ። ጋሼ ወንበራቸው ላይ ሆነው ይምሩን። እኛ ካሮቱን እንዳንነቅል የሚጠብቀን አንድ ዐዋቂ ይበቃል።»

አባትየው ዐይኑን በእጁ መዳፍ ጠረገና «ሰላጣው ውሃ ጠምቶታል፤ የሚያጠጣ የለም?» አለ። ሦስት ሰው ወደ ቧንቧው ሮጠ። አሥራ አንድ ቤት ከተራው ወጣ፤ ሥጋ ሻጩ ከዚያ ወዲህ ሲያያት መንገድ ይለውጣል። ይህም ያማል፤ እውነት ለሚናገር ሰው በሰፈሩ ዋጋው አይቀርለትም።

በማግሥቱ ጠዋት ወደ መነጽር ሠሪው ክፍል ሄደች። ዕቃውን በካርቶን እያሰረ ነበር።

«አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ» አለችው ከደጃፉ ሳትገባ። «ለምን ነይ አላልከኝም?»

የያዘውን ክር አስቀመጠ።

«ሁሉም ሰው ኑሪ ይልሻል፤ ትኖሪያለሽ። እኔ ነይ ብልሽ ትመጪ ነበር። ለማንም እምቢ ብለሽ አታውቂም። እምቢ ማለት የማትችል ሴት እሺ ብትለኝ፣ ምኑን አምኜ ልደሰት?» ድምፁ ሻከረ። «ስንት ጊዜ ልልሽ ብዬ እንደተውኩት አታውቂም። ትናንት ግን ሰማሁሽ። እንግዲህ ልጠይቅሽ?»

«አይሆንም።»

ክው አለ። እሷ የበሩን ደፍ ተሻግራ ገባች። ትናንት በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ያልፈራችውን ያህል ፈርታለች።

«ሦስት ዓመት ሌላ ሰው እያሰበልኝ ኖሬያለሁ። ይሄን እኔው ነኝ የምጠይቀው» አለች። «ልምጣ?»

የታሰረውን ካርቶን ወደ ጎን ገፋላት።

«ነይ» አላት።