የደረቀው ጆንያ

«እርሾው አንድ፣ የስኳር ውሃው አንድ፣ ክፍሉ አንድ። ታዲያ አንዱ መድኃኒት ሲያወጣ ሌላው ለምን እምቢ አለ?»

መምህር ይርጋለም ይህን ሲጠይቁ ሀዲያ ወደ ጠርሙሶቹ ጎንበስ አለች። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ጠርሙሶች ቆመዋል፤ አንዱ የእሷ፣ አንዱ የጓደኛዋ የዓይናዲስ። በሁለቱም ውስጥ አረንጓዴው ሻጋታ እኩል ወፍሯል። ከጎናቸው ባክቴሪያ የተዘራበት ሳህን አለ። የሀዲያ ጠርሙስ ጠብታ ያረፈበት ቦታ ዙሪያው ጠርቷል፤ ፔኒሲሊኑ ባክቴሪያውን ገድሎታል። የዓይናዲስ ጠብታ ያረፈበት ግን ምንም እንዳልነካው ነው።

ሻጋታውን ከበሰበሰ ብርቱካን ላይ ያነሱት መምህሩ ናቸው። ያንን የሻጋታ እርሾ ለሁለት ከፍለው፣ ትምህርት ቤቱ እስኪከፈት ቤታችሁ አቆዩት ብለው ሰጧቸው። የአሰብ ሙቀት እርሾ እንደሚያደክም ያውቃሉና ዘዴውንም ነገሯቸው፤ የከባድ መኪና ሾፌሮች የውሃ ጀሪካናቸውን እንደሚያደርጉት፣ ጠርሙሱን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ ነፋስ የሚያገኘው ቦታ ማንጠልጠል፣ ጆንያው ሳይደርቅ ደጋግሞ ማርጠብ። ትምህርት ሲጀመር ሁለቱ ልጆች እርሾውን አምጥተው፣ እዚሁ ክፍል ውስጥ በስኳር ውሃ አሳደጉት።

«ጆንያው ደርቆ ያውቃል?» አሉ መምህሩ።

«ኧረ በጭራሽ። ጠዋት ማታ ሳረጥበው ነበር» አለች ዓይናዲስ።

መምህሩ እስከ ነገ እንዲያስቡበት ነገሯቸው። ምክንያቱ ካልታወቀ ሁለቱንም ሊደፏቸው ነው፤ የማይታመን እርሾ አይቀመጥም።

ከሰዓት በኋላ ሀዲያ ካምፖ ሱዳን ሰፈር ወደሚገኘው የዓይናዲስ ቤት ሄደች። ከበሩ አጠገብ ይቆም የነበረው የውሃ በርሜል የለም። ኮመዲኖው የነበረበት ግድግዳ ነጥቶ ይታያል። በጦርነቱ ምክንያት መኪኖች ከኢትዮጵያ መምጣት ካቆሙ ወዲህ፣ ወደቡ ላይ ክሬን የሚነዱት የዓይናዲስ አባት አቶ ውድነህ ቀኑን ሙሉ ቤት ነው የሚውሉት።

«አቦ፣ ፋራ አትሁኚ» አለች ዓይናዲስ፣ ሳትጠየቅ። «በርሜሉ ያኔ፣ እርሾው እዚህ እያለ ነው የተሸጠው። ከጎረቤት የምንለምነው ውሃ ለመጠጥ አይበቃም፤ ጆንያ ላጠጣ?»

«ለምን ዋሸሽ ታዲያ?»

«ቲቸር ውሃ ለምን አጣሽ ቢሉኝ ምን ልበል? ወደ ኢትዮጵያ ለመሄድ ዕቃ እየሸጥን ነው ልበል? ላንቺማ ምን አለብሽ፤ እዚሁ አጠገብ የበይሉል ልጅ ነሽ፣ አገርሽ ነው።»

እናቷ ወይዘሮ አሰጋሽ ከጓዳ ወጡ። የሀዲያን እጅ ይዘው፣ የሰማችውን እዚሁ ጥላው እንድትሄድ ለመኗት፤ እስኪወጡ ድረስ ማንም መስማት የለበትም። እጇን ለቀቁና መልሰው ያዙት፤ ያንኑ ደገሙላት። ሀዲያ እሺ አለች።

ወደ ቤቷ ስትመለስ ማልቀስ እንደነበረባት ታውቃለች። ምንም አልመጣላትም። የወደቡ ክሬኖች እንደቆሙ ናቸው፤ እሷም እያየቻቸው አለፈች።

በማግስቱ መምህሩ ሁለቱን ጠርሙሶች ከባልዲው አጠገብ አቁመው ጠበቋቸው። ሀዲያ ዝም ብትል የእሷም እርሾ ይደፋል። ብትናገር ደግሞ ወዴት እንደሚያደርስ አታውቅም።

«አንዱ ጆንያ ደርቆ ነበር» አለች።

ዓይናዲስ አንገቷን ደፋች።

«የማን?»

«የእኛ» አለች ሀዲያ።

መምህሩ አንዴ አንዷን፣ አንዴ ሌላዋን አዩ፤ ሁለተኛ አልጠየቁም። እርሾው ከመነሻው ከተጎዳ፣ ሻጋታው በኋላ ቢወፍርም መድኃኒቱን ላያወጣ እንደሚችል ሰሌዳው ላይ ጻፉ። የሁለቱንም ማርክ እኩል ቀነሱ። የዓይናዲስን ጠርሙስ ደፍተው የሀዲያን መለሱላት።

ሲወጡ ዓይናዲስ የታጠፈ ጆንያዋን ከቦርሳዋ አውጥታ ለሀዲያ ሰጠቻት።

«ያንቺ ሲደርቅ ይሄን አርጥቢ» አለች።

ሀዲያ ጠርሙሱን በሁለቱም ጆንያ ጠቀለለችው፤ ከቤታቸው በርሜል ቀድታም አረጠበችው።

ትምህርት ሳይዘጋ ዓይናዲስ ከእናት ከአባቷ ጋር ሄደች። መምህር ይርጋለምም ሄዱ። ሀዲያ ቀረች።