ሚኒሞ የማትይዘው ፊያት

ተክለብርሃን ሞተ። ቦሌ ሚካኤል፣ ግቢው ውስጥ ባለችው ጋራዥ፣ በሩ ተዘግቶ፣ አሮጌ ፊያቱ ውስጥ እንደተቀመጠ፣ በሞተሩ ጭስ ታፍኖ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ እሸቴ ነገሩን ጨርሶታል።

«ራሱን ነው የገደለው። ፈርሚና እንሂድ፣ ስብሰባ አለብኝ።»

መርማሪዋ መቶ አለቃ ፈለቀች አልፈረመችም። የሟቹ እናት፣ እማማ ወለተማርያም፣ እግሯ ላይ ወደቁ።

«ልጄ፣ ራሱን ገደለ ከተባለ ቤተክርስቲያን አይቀብሩልኝም። እንደ ውሻ የትም ልጣለው? እውነቱን አውጪልኝ።»

«ይነሱ እማማ። ማን አገኘው?»

«እኔ» አለ ታናሽ ወንድሙ ዓንዶም። ክሊኒክ ውስጥ ድሬሰር ነው። «ትናንት ማታ ከሥራ ስመለስ ሞተሩ እየሠራ ነበር። አጠፋሁት፣ እሱን አውጥቼ ቤት አስገባሁት።»

«መኪና ትነካካለህ?»

«ኮፋኖ ከፍቼ አላውቅም። የኔ ሥራ ሰው ነው።»

መካኒኩን አስጠራች። አብዱልገኒ ቱታውን እንደለበሰ መጣ። እሸቴ አፈጠጠበት። ይቺን መኪና የሚጠግናት እሱ ብቻ ነው።

«አስነሳት» አለችው።

ሞተሩ ተነሳ። አብዱልገኒ እግሩን ከቤንዚኑ ላይ አነሳ። ሞተሩ አልጠፋም። ደነገጠ።

«ምነው?»

«ሚኒሞ አትይዝም ነበር እኮ! እግርህን ካነሳህ ተንተፋትፋ ትጠፋለች። ትናንት ጠዋት ጉርድ ሾላ ላይ ቆማ ገፍተናታል። የካንዴላዋ ገመድ ተሰነጣጥቆ ኤሌክትሪኩ ወደ ቦዲው ይዘላል። አዲስ ገመድ ደግሞ ከተማው ውስጥ የለም። ለጊዜው በጎማ ጠቅልሉት አልኳቸው።»

«እነማንን?»

«ሁለቱን። ወንድሙም አብሮት ነበር።»

ኮፋኖውን ከፈተ። አንዱ ገመድ በነጭ የቁስል ፕላስተር ተጠቅልሏል።

«ያ አላህ! ቆስላለች እንዴ?»

ፈለቀች ጎንበስ አለች። የፕላስተሩ ጫፍ ታጥፏል፣ ሲነሳ በቀላሉ እንዲላጥ። ከሥሩ የጓንት ጎማ አለ። ቀና ብላ የእናትየውን እጅ አየች።

«ጣትዎን ምን ነካዎት?»

«ቢላ። ትናንት ምሳ ላይ ዓንዶም አሸገልኝ። ወንድሙንም ጉንፋን ይዞት መርፌ ወጋው፣ እጁ ይባረክ። ከዚያ እኔ ማኅበር ሄድኩ።»

ፈለቀች ሁሉንም ጋራዡ በር ላይ ሰበሰበች።

«የተኛ ሰው ቤንዚን አይረግጥም። ሞተሩ ብቻውን እንዲሠራ መጀመሪያ መጠገን ነበረበት። አብዱልገኒ ቢሆን በጥቁር ቴፕ ይጠቀልለው ነበር፣ ጫፍ ማጠፍም አያውቅም። ይሄ ቁስል ማሸግ የለመደ እጅ ነው። የእማማን ጣት እዩት፣ እጥፋቱ አንድ ነው። መርፌው የጉንፋን አይደለም፣ የእንቅልፍ ነው። ዓንዶም፣ ወንድምህ ሲያንቀላፋ መኪናው ውስጥ አስቀመጥከው፣ አስነሳሃት፣ በሩን ዘግተህ ሥራህ ሄድክ። ኮፋኖ ከፍቼ አላውቅም ያልከኝም ለዚህ ነው።»

ዓንዶም መሬት መሬቱን አየ።

«የድብቅ ድርጅት አባል ነው ብሎ ስሜን ለቀበሌ ሊሰጥ ነበር። በየጊዜው ይጠሩት ነበር። ቀድሜው ነው።»

እሸቴ ሳቀ።

«እሱ? ስንቴ ጠርተን አፋጠጥነው። ‹ወንድሜን ተዉት፣ ከፈለጋችሁ እኔን እሰሩ› ነበር የሚለን፣ ደረቅ!»



እማማ ወለተማርያም ፕላስተሩን ከጣታቸው ላይ ላጡት። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ መቃብር ሊያስቆፍሩ ወደ ሚካኤል ሄዱ።