የሰሚው ድንጋይ ቃል

በኤልማር ግዛት፣ በጎዳምባ ከተማ፣ አንድ ማለዳ አውራ ዶሮዎች ሁሉ አንገታቸውን ቀጥ አድርገው አፋቸውን ቢከፍቱ ድምፅ አልወጣ አላቸው። ውሾቹም ዱዳ ሆኑ። እስከ ቀትር ድረስ በከተማይቱ አንድም እንስሳ ድምፁን አላሰማም። ሽማግሌዎች የክፉ ነገር ምልክት ነው ብለው ወደ ሸንጎው አዳራሽ ሲሮጡ፣ በመካከል ያለውን መንበር ባዶውን አገኙት። ሰሚው ድንጋይ ተሰርቋል።

ድንጋዩ የሰው ራስ የሚያህል፣ መልኩም እንደ ረፋድ ሰማይ የጠራ ነበር። ከተማይቱን የቆረቆረችው ንግሥት ማዕዶት በመንበሩ ላይ ስታኖረው፣ «የሸንጎ ደጅ አይዘጋ፤ በሸንጎ የተነገረ ቃል ከሕዝብ ጆሮ አይሰወር» ብላ ደንግጋለች። ከዚያ ወዲህ በሸንጎው የተነገረውን ሁሉ ድንጋዩ ይሰማል፤ የሰማውንም አይረሳም። ባላገርም ይሁን መኳንንት መዳፉን አሳርፎ ጉዳዩን በስሙ ከጠራ፣ የተከራካሪዎቹ ድምፅ ከነሳቃቸውና ከነቁጣቸው ለሁሉም ይሰማ ነበር።

ሊቀ ሸንጎው ዘንጋር በዚያው ቀን ደረጃው ላይ ቆሞ፣ ድንጋዩን የሰረቀው ልጉም የተባለው የሰሜን ዘንዶ መሆኑን ተናገረ። ሕዝቡን ከአደጋ ለመጠበቅ ሲባልም ሸንጎው ከእንግዲህ ደጁን ዘግቶ እንደሚቀመጥ አስታወቀ። ሳምንት ሳይሞላ የታችኛው ሰፈር ምንጭ ነጠፈ። ውኃው ወዴት እንደተጠለፈ፣ ማን እንዳዘዘ፣ ስለ ምን እንደታዘዘ የሚያውቅ ጠፋ። የጠየቀ ሁሉ ሸንጎው ወስኗል ከመባል በቀር ያገኘው መልስ አልነበረም።

እንኮይ ገመድ እየገመደች የምትኖር የታችኛው ሰፈር ወጣት ነበረች። በልጅነቷ እኩዮቿ ሲጫወቱ እሷ ድንጋዩ ሥር ተቀምጣ የጥንት ሰዎችን ሙግት ታዳምጥ ነበር፤ አንድ ጊዜ ከመቶ ዓመት በፊት ስለ ፈረሰ አጥር የተደረገ ጭቅጭቅ ሰምታ ቀኑን ሙሉ ስትስቅ ዋለች። ማወቅ ለእሷ እንደ ውኃ ጥም ነበር። አባቷ መርዕድ ደግሞ በሸንጎው የሰፈሩ እንደራሴ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ምንጫችንን አሳልፎ ሰጠብን እያለ ሰላምታ ሲነሳው፣ መርዕድ እስከ መጨረሻው እንደተቃወመ ለልጁ ማለላት። እንኮይ አመነችው። ቢሆንም የተቃወመበትን ድምፅ በጆሮዋ ልትሰማ፣ ለጎረቤቱም ልታሰማ ፈለገች። ስለዚህ የገመደችውን ገመድ በትከሻዋ አንግታ ወደ ሰሜን ለመሄድ ተነሣች።

ይህን የሰማ አንድ ሰው ብቻ ተከተላት፤ አዋጅ ነጋሪው ጎምራው። ድምፁ ሦስት ኮረብታ ይሻገራል የሚባልለት፣ ግርማው እንደ ዋርካ የሆነ ጎልማሳ ነበር። የደጁን መዘጋት ያወጀው እሱ ራሱ ነውና እፍረቱ እንቅልፍ ነሥቶታል።

«የማላውቀውን ነገር በዚህ አፌ ለሕዝብ አውጄአለሁ» አላት። «ከእንግዲህ ግን በቃኝ። ድንጋዩ ወደ መንበሩ ሳይመለስ አንድ አዋጅ ብናገር ሰማይ ይስማኝ፣ ምድር ትፍረድብኝ።»

ብዙ ተጉዘው ድምፅ ከማይኖርበት ሸለቆ ደረሱ። በዚያ ወንዙ በቋጥኝ ላይ እየተፈጠፈጠ ሲወርድ እንደ ሕልም ውኃ ዝም ያለ ነው። እንኮይ ተገርማ እጇን አጨበጨበች፤ ምንም አልሰማችም። ቋጥኝ ከበላይዋ ሲናድ እንኳ አላወቀችም ነበር። ጎምራው ባለ በሌለ ኃይሉ ጮኸ፤ ሦስት ኮረብታ የሚሻገረው ድምፅ ከከንፈሩ አላለፈም። ዘሎ በክንዷ ጎትቶ አተረፋት። አቧራው ሲረግብ ጉሮሮውን በእጁ ይዞ ለረጅም ጊዜ ተቀመጠ።

ከሸለቆው ማዶ ያለውን ገደል በእንኮይ ገመድ ወርደው ከዋሻው ሲገቡ የሰው ድምፅ ሰሙ። ልጉም ቅርፊቱ እንደ ዝናብ ደመና ግራጫ የሆነ፣ ርዝመቱ አዳራሽ የሚሞላ ዘንዶ፣ በድንጋዩ ዙሪያ ተጠምጥሞ ዐይኑን ጨፍኖ እያዳመጠ ነበር።

«ቀስ በሉ» አላቸው ዐይኑን ሳይገልጥ። «ስለ ፍየሎቹ ገና አልተስማሙም።»

ጎምራው ጎራዴውን መዘዘ። እንኮይ ግን የማናቸው ፍየሎች እንደሆኑ ጠየቀችው። ዘንዶው ዐይኑን ገለጠ። ሙግቱ እስኪያልቅ አብራው ተቀምጣ አዳመጠች፤ ከዚያ ወዲያ ጎራዴ አላስፈለገም። ልጉም ሌባ አለመሆኑን ነገራት። ድንጋዩ ከመጥፋቱ በፊት በነበረው ሌሊት ሸንጎው ደጁን በስውር ዘግቶ የመከረውን ስለሰማ፣ በመዶሻ ሲመታም አልሰበር፣ በእሳት ሲጋይም አልረሳ ስላለ፣ ዘንጋር ሸሽጎ ካቆየው በኋላ በገዛ እጁ አምጥቶ ሰጥቶት ነበር።

እንኮይ መዳፏን አሳረፈችና የምንጩን ጉዳይ ጠራች። በመጀመሪያ የመዝጊያ ድምፅ ሰማች። ቀጥሎ የዘንጋር ድምፅ፣ ምንጩ ወደ ራሱ የወይን ተክል ይጠለፍ ሲል። ከዚያም «መርዕድ፣ ሰፈሩ ያንተ ነው፤ ትቃወማለህ?» አለ። ጸጥታ ሆነ። በጸጥታው ውስጥ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ያንን ጉሮሮ እንኮይ ከሕፃንነቷ ታውቀዋለች። ሌላ ቃል አልተከተለውም። «እንግዲያው ተስማምተናል» አለ ዘንጋር።

ዘንዶው በዝግታ፣ ይህን ሰምታም ድንጋዩን ትወስደው እንደሆነ ጠየቃት።

«እወስደዋለሁ» አለች። «ቃሉ የእኔ አይደለም፤ የተጠሙት ሰዎች ነው።»

ልጉም ተነፈሰ። ለሺህ ዓመት በዝምታ ውስጥ ብቻውን እንደኖረ፣ ከሰዎች ጭቅጭቅ የጣፈጠ ነገር በዕድሜው እንዳልሰማ ነገራቸው። ድንጋዩን ይመልሳል፤ ነገር ግን በምትኩ አንድ የሰው ድምፅ ከእርሱ ዘንድ ይቅር፤ የሰጠውም ሰው ዳግመኛ አይናገርም። እንኮይ የእኔን ውሰድ ልትል አፏን ስትከፍት ጎምራው ቀደማት።

«ተይ ልጄ፤ አንቺ ገና የምትጠይቂው አለሽ» አላት። «እኔ በዚህ ድምፅ ብዙ ጮኼበታለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ ለምን ብዬ አልጠየቅሁበትም።»

ከዚያ የመከር ዘፈን ጀመረ። ዘፈኑ ከአፉ ወጥቶ በዋሻው ጣሪያ ሥር ሲዞር ከንፈሩ ተከደነ፤ ዘፈኑ ግን ቀጠለ። ዘንዶው እንደ ልጅ ዐይኑን ጨፈነ። እንኮይ ድንጋዩን ታቅፋ እያለቀሰች ወጣች፤ ጎምራው ከኋላዋ የገዛ ድምፁን እያዳመጠ ተከተላት።

ዘንጋር ከከተማው ድልድይ ላይ ብቻውን ጠበቃት። ቁጣ አላሳየም፤ በለሰለሰ አንደበት አነጋገራት።

«የሰማሽውን አውቃለሁ። ድንጋዩን ለእኔ ስጪኝ፤ የአባትሽም ስም በክብር ይኑር። ልጅ አባቷን በአደባባይ ታዋርዳለችን?»

እንኮይ ድንጋዩን አጥብቃ አቀፈች። ያመለጠችው ቋጥኝ እንኳ እንደዚህ ቃል አልከበዳትም ነበር። ጎምራው ምንም ሊላት አይችልም፤ እጁን ትከሻዋ ላይ ብቻ አሳረፈ።

«መንገዱን ይልቀቁልኝ» አለችው ሊቀ ሸንጎውን።

ሕዝቡ ድንጋዩን አይቶ ተከተላት፤ የተዘጋውንም ደጅ ገፍቶ ከፈተው። መርዕድ ከሕዝቡ መካከል ቆሞ ነበር። አየችው፤ አቀረቀረ። ድንጋዩን በመንበሩ ላይ አኑራ፣ መዳፏን አሳርፋ የምንጩን ጉዳይ ጠራች። የዘንጋር ቃል በአዳራሹ ተሰማ፤ ከዚያ ያ ጸጥታ፣ ያ ጉሮሮ መጥረግ። አንዲት አሮጊት «መርዕድ ነው» ስትል በሹክሹክታ ተናገረች። እሱም ለመካድ አልሞከረም።

ዘንጋር በዚያው ቀን ከሥልጣኑ ወረደ፤ ምንጩም ወደ ሰፈሩ ተመለሰ። የአዳራሹ መዝጊያ ከማጠፊያው ተነቅሎ ለድልድዩ ወለል ሆነ። ጎምራው ከድንጋዩ አጠገብ ተቀምጦ፣ ለመስማት የሚመጡትን እንግዶች እጃቸውን ይዞ የት ማሳረፍ እንዳለባቸው ያሳያቸው ጀመር። መርዕድ መቀመጫውን ለቀቀ። እስከ ክረምት መግቢያ ድረስ ከልጁ ጋር አንድ ቃል አልተለዋወጠም፤ እሷም በየቀኑ ራቱን እያቀረበች በዝምታ ትጠብቀው ነበር።

ዝናቡ በጀመረ ሰሞን ሸንጎው ስለ አዲስ መንገድ ሊመክር ተቀመጠ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። መርዕድ ዘግይቶ ገባ፤ ከኋላ፣ ከሕዝቡ ጋር መሬት ላይ ተቀመጠ። አዲሱ ሊቀ ሸንጎ ጉዳዩን አንብቦ ወደሚቀጥለው ሊያልፍ ሲል አንድ እጅ ከኋላ ተነሣ። መርዕድ ብድግ አለ። ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አየው።

«አንድ ያልገባኝ ነገር አለ» አለ። «መንገዱ በድሆች ማሳ ላይ እንዲያልፍ የተፈለገው ለምንድን ነው?»

እንኮይ መልሱን ለመስማት ወደ ፊት አዘነበለች።